የወንድሟ ስህተት

«ልጅቷ ናት የገለበጠችው እንላለን» አለ አባቷ ካውያውን ሳያስቀምጥ።

ቃጭል ይህን የሰማችው በላስቲክ ተሸፍነው በተሰቀሉ የደንበኛ ልብሶች መሃል ቆማ የትምህርት ቤት ሸሚዟን ስትፈልግ ነው። ቤታቸው ከፊቱ ላውንደሪ፣ ከጀርባው መኖሪያ ነው፤ ሁለቱን የሚለያቸው ግድግዳ ደግሞ የሰው ልብስ ነው። ሱፉ፣ ቀሚሱ፣ መጋረጃው፣ አልፎ አልፎም የሙሽራ ቬሎ በተወጠረው ሽቦ ላይ ተደርድሮ ይውላል። እንዲህ ያለ ግድግዳ ዐይን ይከለክላል እንጂ ጆሮ አይከለክልም፤ በዚያ ቤት ምስጢር የሚቆየው ልብሱ ተተኩሶ እስኪወሰድ ድረስ ብቻ ነው። እናቷ ከአንድ ግራጫ ኮት ላይ የወለቀ መሃለኛ ቁልፍ እየተከለች ነበር። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእናቷ ዝምታ ግን ሲቆይ ይነቅዛል፣ ሰው ሁሉ እንዲያበቃ ይለምንበታል። በመጨረሻ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «እሷ ትችለዋለች» አለች።

ቃጭል እጇ ሸሚዙ ላይ እንዳለ ቀረች። እሷ ትችለዋለች። ስድብ ይሁን ምርቃት አልለይላት አለ። ቶሎ ብላ ወጥታ «አልገለበጥኩም» ልትል ፈለገች፤ ያን ካለች ግን ቀጥሎ የሚመጣው «ታዲያ ማን ገለበጠ?» ነው። ሸሚዙን ከመስቀያው አውርዳ ኮቴዋን ሳታሰማ ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቃጭልና ወንድሟ በአንድ ክፍል ይማራሉ። እሱ በአንድ ዓመት ይበልጣታል፤ አምና ወድቆ ክፍሉን ስለደገመ ታናሹ ደረሰችበት። ሰሞኑን የተሰጠው የሒሳብ ፈተና ሲታረም የሁለቱ ወረቀት ከላይ እስከ ታች አንድ ሆኖ ተገኘ። ልክ የሆነው አንድ መሆኑ ባልከፋ፤ የተሳሳቱትም በአንድ ዓይነት ስህተት ነው፣ እስከ መጨረሻዋ ቁጥር ድረስ። አስተማሪዋ ወላጅ ይምጣ አለች። የትምህርት ቤቱ ደንብ አጭር ነው፤ የገለበጠ ዜሮ ያገኛል፣ ክፍሉንም ይደግማል። አንዴ የደገመ ደግሞ ሁለተኛ አይደግምም፣ ይሰናበታል። ገልባጩ እሱ ከሆነ ትምህርቱ አበቃ፤ እሷ ከሆነች የምትከስረው አንድ ዓመት ብቻ ነው። ባልና ሚስት ሲያወጡ ሲያወርዱ አድረው የደረሱበት ይህ ነው። ክፋት የለበትም፤ ሁለት ልጅ ያለው ሰው ሁሉ የሆነ ቀን እንዲህ ያለ ሒሳብ ይሠራል። የገለበጠው ማን እንደሆነ ግን ሁለቱም አልጠየቁም።

ቢጠይቁም አይገባቸውም ነበር። የገለበጠ የለም።

አምና ወንድሟ ወድቆ የመጣ ቀን እናቷ ወደ ጓዳ ጠርታ «ወንድምሽን እንዳታሳፍሪው» አለቻት፣ ወይም እንደዚያ ያለ ነገር። አባቷም ለአንድ ደንበኛ ሱፍ እያስረከበ «ወንድ ልጅ አንዴ አንገቱን ከደፋ አይቃናም» ሲል በልብሶቹ መሃል ሰማችው። ከዚያ ወዲህ ቃጭል ፈተና ሲመጣ መጀመሪያ የራሷን በልቧ ትሠራለች፤ ያ ብዙ አይፈጅባትም። ቀጥሎ እስክሪብቶዋን አገጯ ላይ አድርጋ አለቃ እዚህ ጋ ሲደርስ ምን ያደርጋል ብላ ታስባለች። አለቃ የወንድሟ የቤት ስም ነው፤ ከሕፃንነቱ አባቱ መደርደሪያው ላይ አስቀምጦ «የሱቁ አለቃ» እያለ ያሳደገው ነው። ቃጭል አለቃን እንደ እጇ መዳፍ ታውቀዋለች፤ በአንድ የመተኮሻ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያጠኑት። ከቅንፍ ፊት የመቀነስ ምልክት ሲያይ ለመጀመሪያው ቁጥር ይሰጥና ሁለተኛውን ይረሳዋል። ክፍልፋይ ሲያይ ይቸኩላል። ረጅም ጥያቄ ሲገጥመው ግማሹን አንብቦ የቀረውን ከራሱ ይጨምርበታል። ቃጭል የእሱን መልስ ትጽፍና፣ ከዚያ ላይ አንድ ሁለት ጥያቄ አበላሽታ ከሥሩ ትሆናለች። የቤት ሥራ ሲሠሩም ቀድማ ትጨርስና እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ በላይ እያንቀሳቀሰች ትቆያለች። «ጨረስሽ?» ሲላት «ገና ነኝ» ትላለች። በዚህኛው ፈተና ግን የራሷን ተጨማሪ ስህተት ማስገባቱን ዘነጋችው። ጉዱ የፈላው በዚህ ነው።

ቃጭል የሚለውን ስም ያወጡላት ደንበኞች ናቸው። አፏን እንደፈታች ማለት ይቻላል፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ዋጋ እየጮኸች ታነብላቸው ነበር፤ ለሸሚዝ ይህን ያህል፣ ለሱፍ ይህን ያህል፣ ለነገ ሳይሆን ለዛሬ ከሆነ እጥፍ። አባቷ ደምሮ ሳይጨርስ ድምሩን ትነግራቸዋለች። ያኔ አባቷ በኩራት ይስቅ ነበር። መቼ መሳቁን እንደተወ አታስታውስም፤ መቼ መናገሯን እንደተወች ግን ታስታውሳለች። ስሙ አልተለወጠም፤ ምላሱ የወለቀ ቃጭልም ቃጭል ነው የሚባለው።

አባቷ ለመሄድ ሲነሣ ያጋጠመው ችግር የልብስ ነበር። የአገሩን ሰው ልብስ ሲተኩስ የሚውል ሰው የራሱ ኮት ክርኑ ላይ ተልጦ መስታወት አክሏል። አየውና ሰቀለው። ከዚያ እናቷ አሁን ቁልፉን የተከለችለትን ግራጫ ኮት አነሣ፤ አንዲት ሴት ትናንት ጥላው የሄደችው ነው። እናቷ የሰው ነው አለችው። «አንድ ሰዓት ቢለበስ ምን ይሆናል? አየር ያገኛል እንጂ» አለና አጠለቀው። ትከሻው ላይ ልክ ነበር፤ እጅጌው ብቻ ጣቶቹ ድረስ ወረደ። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለውን እሱም ያውቃል፤ ትምህርት ቤት ሲጠራ ግን ሰው የሚያውቀውን ሁሉ ያስታውሳል ማለት አይደለም። መስታወቱ ፊት ቆሞ ሳል ሳል አለ፣ ቀና አለ፣ ሌላ ሰው መሰለ። ቃጭል ያን ሌላ ሰው ለጊዜው ወደደችው፤ ወዲያው ደግሞ ፈራችው።

መንገድ ላይ አባት ከፊት፣ አለቃ ከመሃል፣ ቃጭል ከኋላ ሆነው ሄዱ። ጫማ ጠጋኙ ገና ከሩቅ አባቷን አይቶ ዛሬ ደግሞ ማንን ልትድር ነው አለው፤ አባቷ እየሳቀ ትንሽ ጉዳይ ነው ብሎ አለፈ። የዳቦ ሰልፉ ጋ ሲደርሱ ዋጋ ጨመረ አልጨመረም የሚል ክርክር ነበር፤ አባቷ እንደ ማንኛውም ቀን ገብቶበት ጨምሯል አለ፣ መጠኑም አንሷል አለ። ቃጭል ገረማት። ልጁን ሌባ ሊያደርግ የሚሄድ ሰው ስለ ዳቦ መጠን እንዴት ያወራል? ከዚያ ደግሞ ምናልባት የሚያወራው ለዚያ ይሆናል ብላ አሰበች። የወንድሟን ጀርባ እያየች ሄደች፤ ትከሻውን ወደ ላይ ሰብስቦ አንድም ጊዜ ዞር ሳይል። አንድ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በዚህ ጀርባ ፈንታ ስታስብ ኖራለች፤ ዛሬ ግን ጀርባው ምን እንደሚያስብ ውሉ ጠፋባት። እውነቱን ከተናገረች እሱ ይዋረዳል። ካልተናገረች ሌባ ናት። እውነቱስ ራሱ ምንድን ነው? ሳይገለብጡ መገልበጥ የሚባል ነገር ካለ፣ ገልብጣለች።

የምክትል ዳይሬክተሩ ቢሮ ጠባብ ነበር። ሁለት ወንበር፣ አቧራ የጠጡ ዋንጫዎች የተደረደሩበት ቁም ሣጥን፣ ግድግዳው ላይ የክፍለ ጊዜ ድልድል በጠመኔ የተጻፈበት ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ። የሒሳብ አስተማሪዋ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግታ ቆማለች። ምክትል ዳይሬክተሩ ከመቀመጫው ተነሥቶ አባቷን ጨበጠና እጁን ሳይለቅ ዐይኑ ኮቱ ላይ ቀረ። መሃለኛውን ቁልፍ አየ፣ እጅጌውን አየ፣ የአባቷን ፊት አየ። ከዚያ ለአባቷ ወንበር ጠቁሞ ተቀመጠ። ቃጭልም ያኔ አየችው፤ ከግራው እጅጌ ጫፍ ላይ የላውንደሪው ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ጨርቅ በመርፌ ቁልፍ እንደተሰካች ተንጠልጥላለች። ለራሷ ነው የመጣችው፣ አሁን ግን ጭንቀቷ ሁሉ ወደ እጅጌው ሄደ።

አባቷ ሳይጠየቅ ጀመረ። ሥራ በዝቶበት እንጂ ቀደም ብሎ ይመጣ እንደነበር፣ ልጆቹን በሥነ ሥርዓት እንዳሳደገ፣ አለቃ ዘንድሮ ሌሊት ተነሥቶ እንደሚያጠና ተናገረ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ትንሽ ናት። ወንድሟን እያየች ነው ያደገችው። እሷ ናት የገለበጠችው» አለ። ይህን ሲል ወደ ቃጭል አልዞረም፤ እጁን ግን ጉልበቱ ላይ ያሻሽ ነበር፣ ቁራጯም ጨርቅ አብራ ትወዛወዛለች።

አስተማሪዋ ወረቀቶቹን አገላበጠች። ችግሩ እዚህ ላይ ነው አለች፤ ቃጭል የምትቀመጠው ከፊት መስኮቱ ጋ፣ አለቃ ከኋላ በሩ ጋ ነው፤ ገለበጠች ቢባል በየት በኩል አይታ? እሱም ገለበጠ ቢባል እንዲሁ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነባት። ወላጆች ስሌቱን ሲሠሩ የመቀመጫውን ነገር አላሰቡትም ነበር። አስተማሪዋ ቃጭልን ቀና ብላ አየቻት፤ የቁጣ አስተያየት አልነበረም፣ ግራ የገባው ሰው አስተያየት ነው። ከሰሌዳው ጥግ ላይ የአንድ ቀን ክፍለ ጊዜ ድልድል አጠፋችና ጥያቄ ጻፈች፤ ቅንፍ ያለበት፣ ከቅንፉ ፊት የመቀነስ ምልክት ያለበት። ጠመኔውን ዘረጋችላት። ይህን ሥሪው አለቻት፤ እዚህ ልክ ከሠራሽው ፈተናውንም ራስሽ ነሽ የሠራሽው ማለት ነው።

ቃጭል ጠመኔውን ተቀበለች። እንዲህ ቀላል ይሆናል ብላ አልጠበቀችም ነበር። ልክ ከሠራችው ነፃ ትወጣለች፤ ሌባ የሚላት አይኖርም። አለቃስ? ለእሱ በኋላ ይታሰባል ብላ ቆረጠች፣ ይህን ያሰበችው በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። ጻፈች። የመቀነሱን ምልክት ለመጀመሪያው ቁጥር ሰጠች፣ ሁለተኛውን እንዳለ አወረደችው፣ ደመረች፣ ከሥሩ አሰመረች።

አስተማሪዋ ተነፈሰች። ቃጭል ሰሌዳውን መልሳ አየችው። ስህተት ነው። አውቃ ያደረገችው ግን አልነበረም። ልክ ልትጽፍ ነው የወጣችው፣ እጇ ግን የለመደውን ጻፈ። አጥፍታ እንደገና ጀመረች፤ እዚያው ቦታ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ምልክቱ ለሁለቱም ነው ወይስ ለአንዱ? ሁልጊዜ የምታውቀው ነገር ነው፣ ከወላጆቿ ስም እኩል የምታውቀው፤ አሁን ሁለቱም ትክክል መሰሏት፣ ሁለቱም ስህተት መሰሏት። አለቃ እንዲህ ያደርጋል። እሺ፣ እኔስ? ጆሮዋ ጋለ። የኔ የትኛው ነበር? ሰው የሰውን ልብስ ለብሶ ሲቆይ የራሱን የት እንዳስቀመጠው ይጠፋዋል፤ እሷም ፈልጋ ፈልጋ አጣችው። አባቷ ከኋላዋ ሲያቃስት ሰማችው።

«እሱ የኔ ነው» አለ አለቃ።

ሁሉም ዞሩ። አለቃ በሩን ተደግፎ ቆሟል፤ ፊቱ ቀልቷል፣ የሚያየው ሰሌዳውን ነው። «ያ ስህተት የኔ ነው። ያንቺን ጻፊ።»

አባቷ አለቃዬ ዝም በል አለው። አለቃ ግን ዝም አላለም፤ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ አልገለበጠችም አለ፣ እኔም አልገለበጥኩም፣ እኔ እንዴት እንደምሳሳት አስባ ነው የምትጽፈው አለ። የሚለው ነገር ለራሱም እብደት ሳይመስለው አልቀረም፤ መሃል ላይ ተወው። አስተማሪዋ የሁለቱን ወረቀት አየች፣ ሰሌዳውን አየች፣ ቀስ ብላ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቃጭል ጠመኔውን ጨብጣ እንባዋ ጠመኔው ላይ ሲንጠባጠብ ቆየች። ከዚያ አጠፋችና ጻፈች። ምልክቱን ለሁለቱም ሰጠች። መልሱ ከእጇ ሲወጣ አወቀችው፤ የጠፋ ዘመድ በር ላይ ሲታይ እንደሚታወቀው። አስተማሪዋ ሌላ ጻፈችላት፤ ሠራችው። ከበላይ ክፍል የሚሰጥ ጻፈችላት፤ ትንሽ ቆማ አሰበችና እሱንም ሠራችው። ምክትል ዳይሬክተሩ ራሱ ኮቱን ረስቶ ሰሌዳውን ያይ ነበር።

ለምን እንዲህ እንዳደረገች ጠየቋት። ቃጭል አባቷን አየች፤ አባቷ እጅጌውን ያይ ነበር፣ ጨርቋን አሁን ነው ያገኛት። በሌላኛው እጁ ሸፈናት። ቃጭል አላውቅም አለች፤ በዚያ ሰዓት እውነቷን ነበር። አስተማሪዋ አልጨቀጨቀቻትም። የተጻፈው ውጤት እንደተጻፈ ይቆያል አለች፣ የሁለቱም፤ ማንም አይሰናበትም፣ ማንም አይደግምም፤ ያልጻፈችውን ግን ልሰጣት አልችልም። ከዚያ ወደ ቃጭል ጠጋ ብላ «እስካሁን የማንን ፈተና ሳርም እንደነበር አላውቅም። አንድ ቀን እንኳ ያንቺን ልየው» አለቻት።

ሊወጡ ሲሉ ምክትል ዳይሬክተሩ በሩ ድረስ ሸኛቸው። ሚስቱ ኮቱ ነገ ይደርሳል እንዳለችው ለአባቷ ነገረው፤ ነገ ስብሰባ አለበት።

«ይደርሳል» አለ አባቷ።

በመልስ መንገድ አባቷ ኮቱን አውልቆ፣ እንደ ሙያው አጥፎ ክንዱ ላይ አደረገው፤ በሸሚዙ ብቻ ሄደ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጥፏል። ጫማ ጠጋኙ ተመልሰህ መጣህ ሲለው እጁን ብቻ አንሥቶለት አለፈ። ቃጭል ወንድሟን ተጠግታ አመሰግናለሁ ልትል ስትል እሱ ቀደማት። «እስክሪብቶሽን ወረቀቱን ሳታስነኪ ስታንቀሳቅሺው አይሽ ነበር እኮ። ሞኝ አይደለሁም» አለ። ጥቂት ሄዱ። «ስህተቴን እንኳ ለብቻዬ አልተውሽልኝም።» እስከዚያች ቀን ድረስ ለእሱ ስታስብ የኖረች ይመስላት ነበር፤ አሁን ነገሩ ዞረባት። ይቅርታ አለችው፤ ለየትኛው እንደሆነ ግን አላወቀችም፣ እሱም አልጠየቃት።

ቤት ሲደርሱ እናቷ ከመደርደሪያው ጀርባ ብድግ አለች። «እሺ፣ ማን ሆነ?» አለች። አባቷ ካውያውን ሰካ፣ ኮቱን ዘረጋ፣ «ማንም አልሆነ» አለ። ከዚያ ከአንገቱ ጀምሮ መተኮስ ጀመረ፣ ያልተጨማደደውን ሁሉ። እናቷ ከአለቃ ትንሽ፣ ከቃጭል ትንሽ እየለቀመች ታሪኩን ሰማች፤ ሰምታም ፊቷ ተለዋወጠ። እኔ መቼ ራስሽን አበላሺ አልኩሽ አለቻት ቃጭልን፤ አታሳፍሪው ነው ያልኩሽ፣ ወንድምሽ ነው፣ አብራችሁ ተማሩ፣ ተረዳዱ ነው ያልኩሽ። ቃጭል የእናቷን ቃል በትክክል ለማስታወስ ሞከረች፤ አልመጣላትም። ምናልባት እናቷ እንዳለችው ይሆናል። እናቷም እርግጠኛ አልመሰለችም፤ ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻትና ቁራሹ በዝቶ ነበር፣ ለሁለት ሰው የሚሆን። አባቷ ከካውያው ቀና ሳይል «ያኔ ድምሩን ትነግሪያቸው የነበረው…» ብሎ ጀመረና እንፋሎቱ መሃል ተወው። ቃጭል እስኪጨርሰው ጠበቀች። አልጨረሰውም፤ ጨርቋን ነቅሎ በትክክለኛው ቦታ፣ ከኮቱ ውስጥ፣ መልሶ ሰካት።

ሲመሽ የመተኮሻ ጠረጴዛው ተጠርጎ ሁለቱ ልጆች ደብተራቸውን ዘረጉ። ቃጭል የአለቃን ወረቀት ላለማየት አንገቷን አጣማ ተቀመጠች፤ ዐይኗ ግን ለምዶ ነበርና አየ። ከቅንፉ ፊት ምልክቱን ለመጀመሪያው ሰጥቶ ሁለተኛውን ረስቶታል።

«ተሳስቻለሁ አይደል?» አለ ቀና ሳይል።

«አዎ።»

«የት ጋ እንደሆነ እንዳትነግሪኝ።»

አልነገረችውም። ወደ ራሷ ወረቀት ተመለሰች። መጀመሪያ ቀን ሰሌዳው ላይ እንደሆነው እጇ ቆም ብሎ አለቃን ጠየቀ፤ ጠበቀችው፣ ወደ ራሷ እስኪመለስ። ከዚያ ጻፈች፣ ቀጥላም ጻፈች፣ ከልብሶቹ ጀርባ እናቷ ዕቃ ስታነሣ አባቷ ሲያስል እየሰማች። የመጨረሻው ቁጥር ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ከወረቀቱ በላይ ሊንቀሳቀስ ተነሣ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

አለቃ የእስክሪብቶዋን ድምፅ ሰምቶ ቀና አለ። «ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ» አለች።